የሁዳዴ ጸሎት በቴሌግራም፦ ሰባቷን ደቂቃ ስሙ፣ የቀረውን እለፉት

እኛ 12 ሆነን የቅዱስ ሚካኤልን ማኅበር እንጠጣለን። ወር በገባ በ12 ነው። 12 ሰው፣ 12 ወር፣ ሁሉም በዓመት አንዴ ተራው ይደርሰዋል። ቁጥሩ እንዲህ ልክክ ያለው ታስቦበት እንዳይመስላችሁ፣ 13ኛዋ አግብታ ሰፈር ስለቀየረች ነው። ከመሃላችን ሁለቱ አሁን አገር ውስጥ የሉም። አንዷ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች፣ ሌላዋ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትገባለች። ተራቸው ሲደርስ ብሩን ይልካሉ፣ ዳቦውን እኛ እንደፋለን፣ ጠላውንም እኛው እንጠምቃለን፣ እነሱ ደግሞ በቪዲዮ እያዩ «ለእኔም ጠጡልኝ» ይላሉ።

ይህን የማወራው ስለ አንድ የቴሌግራም የጸሎት አገልግሎት ልጽፍ ስለሆነ ነው። ብቻውን ለሚጸልይ ሰው አንድ ነገር ነው፣ ለማኅበር ሌላ ነገር። እኛ የሞከርነው በማኅበር ስለሆነ የምለውንም በዚያው ልክ ያዙልኝ።

ስሙን አልጠራም። ቅሬታም አለኝና፣ ደግሞ የሚሠሩት ጥቂት ልጆች ናቸው፣ በአንድ ጽሑፍ ስማቸውን ላነሣና ላጠፋ አልፈልግም። የምትከታተሏቸው ትንሽ እንዳነበባችሁ ታውቋቸዋላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል አንዲት ኪስ የምትገባ መጽሐፍ ትገዛላችሁ፣ 250 ብር። ጀርባዋ ላይ ያለውን ኮድ በስልክ ስታነሡት ቻናሉ ይከፈታል። በየቀኑ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሁለት ድምፅ ይለቀቃል። አንደኛው ጸሎት ነው፣ 7 ደቂቃ ገደማ። ሁለተኛው «የዕለቱ ማበረታቻ» ይባላል፣ እሱ 15ም 20ም ደቂቃ ይሄዳል። ለማኅበር ደግሞ የተለየ ክፍያ አለ፣ ለጾሙ በሙሉ 600 ብር፣ እሱን ስትከፍሉ ዓርብ ዓርብ በጸሎት የሚነበብ የስም ዝርዝር መላክ ትችላላችሁ። በ12 ስናካፍለው 50 ብር ደረሰን፣ ስለ ዋጋው ማንም አላጉረመረመም።

ከዚያ በፊት እንዴት ነበር የምንነሣው ብትሉ፣ እማማ ነበሩ የሚቀሰቅሱን። በማኅበሩ በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ናቸው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ለእያንዳንዳችን ይደውሉና «ተነሡ!» ብለው ጆሯችን ላይ ይዘጉታል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ከዚያ ሁሉም በየቤቱ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ያነባል፣ ወይም ያነባል ተብሎ ይታሰባል። ሙሴያችን፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ በ2016 ሁዳዴ ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ በአንድ ሲጠይቁ በትክክል የሚያነቡት አራት ሰዎች ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀረነው ስልኩን አንሥተን «እሺ እማማ» ብለን ወደ ብርድ ልብሳችን ነበር የምንመለሰው። እኔ ከየትኞቹ እንደነበርኩ አትጠይቁኝ።

ለዚህ ነው በ2017 ይህን የሞከርነው።

ሁዳዴ የካቲት 17 ሰኞ ገባ። 55 ቀን ነው፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ዘወረደ ላይ፣ ሁሉም ሰው ጎበዝ ነው፣ ሽሮውም ይጥማል፣ ጠዋት መነሣቱም ቀላል ነው። ሰሙነ ሕማማት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውለን ስለምናመሽ ማንም ቀስቃሽ አያሻውም። ችግሩ መሃሉ ላይ ነው። ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት የሚባሉት ሳምንታት። ሥራ አለ፣ ታክሲ ሰልፍ አለ፣ እስከ 9 ሰዓት መቆየት አለ፣ ደስታው አልቆ ፋሲካ ገና ሩቅ ነው። ለማኅበር የሚሸጥ ማንኛውም የጸሎት አገልግሎት መፈተን ያለበት እዚህ ጋ ነው።

እና ጸሎቱ ይህን ፈተና አልፏል። በደንብ አልፏል።

የሚጀምረው በቃጭል ነው፣ አንዴ ብቻ ቅጭል ይላል። «ሰላም ውድ ተከታታዮቻችን» የለም፣ ከበስተጀርባ የሚያለቅስ ኪቦርድ የለም። በስመ አብ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ ከዕለቱ ዳዊት አንድ መዝሙር፣ ከዕለቱ ውዳሴ ማርያም ጥቂት፣ መጨረሻ ላይ 12 ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። አለቀ። ይህን ያህል ነው። አንድ ሰው ከአልጋው ወርዶ፣ ነጠላውን ደርቦ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቆሞ ሳይቀመጥ የሚጨርሰው መጠን ነው። ልጅ ያላቸውም ልጁ ሳይነቃ ያደርሱታል።

ዳዊቱን የመረጡበት መንገድ ደስ ብሎኛል። እንደፈለጉ አልቀነጫጨቡትም፣ የቆየውን የሳምንት አከፋፈል ነው የተከተሉት፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፣ እሑድ ጸሎተ ነቢያቱና መኃልዩ። በድምፅ የሚለቁት ከዕለቱ ክፍል አንዱን ነው፣ መጽሐፏ ግን ሙሉውን ሠንጠረዥ ይዛለች። ስለዚህ ሙሴያችን ሙሉ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ እኔ አንዷን እሰማለሁ፣ ሁለታችንም ግን በዚያ ቀን አንድ ቦታ ላይ ነን። ለማኅበር ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንዱ ብዙ አንዱ ጥቂት ቢያደርግም አይለያዩም።

አንባቢዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው አዛውንት ናቸው፣ ድምፃቸው የተሰነጠቀ፣ ዘገም የሚል፣ አንድ ቀን መሃል ላይ ሳላቸውና አልተቆረጠም፣ እንዲያው አለፈ። እሳቸው ሲያነቡ ሰው አብሮኝ ቆሟል ያሰኛል። ሁለተኛው ወጣት ነው፣ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ግን ይሮጣል። እማማ በሁለተኛው ቀን «ይሄ ልጅ አውቶብስ ሊያመልጠው ነው?» አሉ። ሙሴያችን ደግሞ በልጅነታቸው ንባብ ቤት የተቀመጡ ሰው ስለሆኑ ሌላ ነገር ነው ያናደዳቸው፤ የግዕዙን ቃላት አጣጣል እያፋለሰ፣ ተነሹን ወዳቂ፣ ወዳቂውን ተነሽ እያደረገ ያነባል አሉ። እኔ በጆሮዬ አልለየሁትም። እሳቸው ግን የወጣቱ ተራ በሆነባቸው ቀናት ድምፁን ዘግተው ራሳቸው ማንበብ ጀመሩ። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው በማኅበራችሁ ካለ ይህን አስቡበት።

አሁን ወደ ማበረታቻው።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። መፃጉዕ ሳምንት ላይ የሚነበበው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ነው፣ 38 ዓመት አልጋው ላይ የተኛው በሽተኛ። ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደኝ ሰው የለኝም ያለው ሰውዬ። «ሰው የለኝም» ማለቱ ብቻ ለአንድ ማኅበር የሳምንት ሥራ ይሆናል። የታመመ ጎረቤት አለ፣ ሆስፒታል የተኛ አለ፣ ሂዱና ጠይቁ ቢሉን ይበቃል። ማበረታቻው ምን አለ? «አንተም ለስንት ዓመት ሥራ ፈትተህ ተኝተሃል፣ ዛሬ ተነሥና ቢዝነስህን ጀምር!» አለ። ይህንንም የሚለው እየጮኸ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ።

ገብር ኄር ላይ ባሰ። አምስት መክሊት ተቀብሎ አምስት ያተረፈው ባሪያ ሙሉ በሙሉ የኢንቨስትመንት ትምህርት ሆነ። ከዚያ ድምፁ ሳያልቅ በረጅም ጊዜ ክፍያ ስለሚሸጥ አፓርታማ የግማሽ ደቂቃ ማስታወቂያ ገባ። ባለሦስት መኝታ ሁሉ አለው። እኔ መጀመሪያ ሌላ ቻናል የተከፈተብኝ መስሎኝ ነበር። በቡድናችን ላይ አንዱ «መክሊቴን ቀብሬ እዚሁ ኪራይ ቤቴ ልቆይ» ብሎ ጻፈ። እሱ ነው ያን ቀን ያበረታታን።

ክፋት የለውም፣ ልጆቹ ወጪ አለባቸው፣ ማስታወቂያውም የትም አለ። ግን 850 ብር ከፍለን ነበር፣ መጽሐፏን ጨምሮ። የከፈለ ሰው ጸሎት ላይ አፓርታማ መስማት የለበትም።

አንድ ጥሩ ነበረ፣ እሱን አልደብቅም። ኒቆዲሞስ ሳምንት ላይ፣ ያ ወጣት ሳይሆን አዛውንቱ ናቸው የተናገሩት፣ 4 ደቂቃ ብቻ። ኒቆዲሞስ ወደ ጌታ በሌሊት ነው የመጣው፣ በሌሊት ስለመጣም አልተመለሰም አሉ። ሌሊት የሚሠራ፣ ሌሊት በሽተኛ የሚያስታምም፣ ቀን ጊዜ ያጣ ሰው በዚያው ሰዓቱ ይምጣ አሉ። ዋሽንግተን ያለችው እኅታችን ሦስቴ ሰማሁት አለች።

እሷን ካነሣሁ አይቀር የሰዓቱን ነገር ልናገር። አዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ሲሆን ለእሷ ገና ያለፈው ቀን ማታ ነው። መጀመሪያ 3 ሰዓት ነበር፣ የምኩራብ ዕለት አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 4 ሰዓት ሆነ። ስለዚህ የሰኞ ጸሎት እሑድ ማታ ይደርሳታል፣ የነግሁ (የጠዋቱ) ጸሎት ለእሷ የንዋም (የመኝታ) ሆነ ማለት ነው፣ ያውም ወደ ሥራ ስትገባ። ለአገልግሎቱ ጻፈች፣ «በአገር ቤት ሰዓት ይከታተሉ» የሚል መልስ መጣ። ውጭ አገር ላለ ሰው እየሸጡ እንዲህ ማለት አይሆንም። መፍትሔውን ራሷ አገኘችው፣ ድምፁን አውርዳ ታስቀምጥና ጠዋት ከፈረቃ ስትወጣ አውቶብስ ላይ ትሰማዋለች። የሰኞውን በሰኞ።

ዱባይ ያለችው ሰዓቱ አልከበዳትም፣ በአንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚለየን። የእሷ ሌላ ነበር። በዚያ ዓመት ሁዳዴ ገብቶ ሳምንት ሳይሞላው፣ ቅዳሜውን፣ ረመዳን ገባ። ቤተሰቡ ለሱሁር ሌሊት ይነሣል፣ እሷ ታበስላለች፣ እነሱ በልተው ሰግደው ሲተኙ እሷ ዕቃ ታጥባለች። ልክ በዚያ ሰዓት ነው ጸሎቱ የሚለቀቀው፣ በእነሱ ጠዋት 12 ሰዓት። አንዷን የጆሮ ማዳመጫ ብቻ አድርጋ ዕቃ እያጠበች ትሰማለች። ማዳሟ አንድ ቀን አይታት «አንቺም ትጾሚያለሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት፣ አዎ ስትላት ደስ አላት፣ ከዚያ በኋላ ማታ ምስር ወጥ ለብቻዋ እንድትሠራ ፈቀደችላት።

ወደ ስም ዝርዝሩ እንሂድ። 600 ብሩ የተከፈለው ለዚህ ነው፣ እኔም እንደገና ብከፍል የምከፍለው ለዚህ ነው።

የምትልኩት የክርስትና ስም ብቻ ነው፣ የታመመ፣ የተቸገረ፣ መንገድ ላይ ያለ። ወለተ እገሌ፣ ገብረ እገሌ። ማን እንደሆነ ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ይህ በጣም ደስ ይላል። የሰው ሕመም ቻናል ላይ አይዘረገፍም። መጀመሪያ ሳምንታት ላይ አዛውንቱ ናቸው የሚያነቡት፣ አንዱን ስም ይሉና ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ ቀጣዩን ይላሉ።

የዱባይዋ እናት እዚህ ሆስፒታል ተኝተው ነበር፣ ሐሞት ከረጢታቸውን ሊያወጡላቸው። ልጅ እንደ ልብ መምጣት አትችል፣ ጾም ነው፣ ረመዳን ነው፣ ማን ይለቃታል። ሐሙስ ስማቸውን ላክን። ዓርብ መጋቢት 12 ነበር፣ መፃጉዕ ሳምንት ላይ፣ የማኅበራችንም ቀን። ሌሊት ተነሥቼ ጧፌን አብርቼ ቆሜያለሁ፣ ስሞቹ ይነበባሉ፣ የእኛ ዝርዝር ጋ ደረሰ። «ወለተ ኪዳን» አሉ አዛውንቱ፣ አረፍ አሉ። ወዲያው ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፣ ከዱባይ። አንድ ቃል ነው። «ሰማችሁ?»

«ሰማን» ብዬ ልጽፍ ስል ከእኔ በፊት ሌሎች ጽፈውታል። ሰማን፣ ሰማን፣ ሰማን። ዋሽንግተን ያለችውም ከሥራ ቦታዋ። ጽሑፍ የማይችሉት እማማ በድምፅ «ሰምተናል ልጄ» ብለው ላኩ። ቆጠርኳቸው፣ 11 ነን። ማኅበሩ ከተመሠረተ 12ታችንም በአንድ ሰዓት ለጸሎት የነቃንበት የመጀመሪያ ሌሊት ነው። በኋላ ስትነግረን ብርጭቆ እያጠበች ነበር፣ ስሙ እንዳያልፋት ቧንቧውን ዘግታ ነው የቆመችው። ከሰዓት በኋላ ማኅበሩን ስንጠጣ ሙሴያችን የመጀመሪያውን ጽዋ ለእሷ ብለው አነሡ። እናትየዋ በሳምንቱ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ታዲያ ይህንንም ሊያበላሹት ነበር። ስሙ እየበዛ ሲሄድ ማንበቡ ለወጣቱ ተሰጠ፣ ወጣቱ ደግሞ እንደነገርኳችሁ ይሮጣል። ገብር ኄር ሳምንት ዓርብ ላይ ከእኛ ዝርዝር ሦስት ስም አነበበና «እና ሌሎችም» ብሎ ወደሚቀጥለው ማኅበር አለፈ። እና ሌሎችም! የሠርግ ጥሪ መሰለው እንዴ። እማማ የእህታቸው ልጅ ስም የተዘለለ ስለነበር ተቆጡ፣ እኔም ጠንከር አድርጌ ጻፍኩ። ይቅርታ ጠየቁ፣ በሚቀጥለው ዓርብ መጀመሪያ የእኛን አነበቡ፣ አንድም ሳይዘሉ፣ በአዛውንቱ ድምፅ። ሲነገራቸው ይሰማሉ፣ ይህን መስክሬላቸዋለሁ።

ስለ መጽሐፏ ብዙ የምለው የለኝም። ለእያንዳንዱ ሳምንት ስሙ ከምን እንደመጣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ታስረዳለች፣ ከቅዱስ ያሬድ የጾም ዜማ መጽሐፍ፣ ከጾመ ድጓ ጋር እያያዘች፣ የ9 ዓመት ልጄ ስምንቱንም እሑዶች በቃሏ ያጠናችው ከዚያ ነው። ፊደሏ ግን ደቃቅ ነው፣ እማማ መነጽር ደርበው እንኳ አልቻሉትም፣ ማጣበቂያዋም ደካማ ነው። የእኔዋ አምስተኛው ሳምንት ላይ ለሁለት ተገነጠለች፣ የደብረ ዘይት ሳምንት ገጽ የጠፋው አንዱ ሚኒባስ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ የምር የሚያሳስብ ስሕተት አለባት። በየቀኑ 41 ስግደት ትላለች፣ ለሁሉም ሰው፣ እሑድ ሳይቀር። እሑድ የንስሐ ስግደት እንደሌለ ሰንበት ተማሪ ያውቀዋል። እማማ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ መጽሐፉ ካለ ብለው ሁለት ቀን ሞክረው ሦስተኛው ቀን መነሣት አቃታቸው። የንስሐ አባታችን ሰምተው «ማነው ያዘዘዎት?» አሏቸው፣ ተቀምጠው በእግዚኦታ እንዲያደርሱ ነገሯቸው። የስግደት ልክ ከንስሐ አባት ጋር የሚቆረጥ ነገር ነው። መጽሐፏ ላይ «የንስሐ አባትዎን ያማክሩ» የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር ምን ነበረበት?

ሰሙነ ሕማማት ላይ ደግሞ ዝም ቢሉ ጥሩ ነበር። ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው፣ ግብረ ሕማማቱ እየተነበበ ሲሰግድ ይውላል፣ እነሱ ግን ማበረታቻውን ረዘም አድርገው 25 ደቂቃ አደረሱት። የስቅለት ዕለት እኔ ስልኬን ቤት ትቼ ነው የሄድኩት። ማታ በወይራ ተጠብጥቤ ወገቤን ይዤ ስመለስ «እስካሁን አልሰሙትም» የሚል ማስታወሻ ጠበቀኝ። አልሰማሁትም፣ አዎ።

የፍልሰታ 15 ቀን ላይ በሙሉ አልገባንም፣ የስም ዝርዝሩን ብቻ ከፈልን፣ 200 ብር። ማስታወቂያው ቀርቷል፣ ወጣቱም ትንሽ ረጋ ብሏል። የሰዓቱ ነገር እንዳለ ነው። የገና ጾም ኅዳር 15 ሲገባ ደግሞ እንቀጥላለን፣ ብሩን እየሰበሰብኩ ነው፣ ማበረታቻውን የሚሰማ ግን ከመሃላችን አንድም ሰው የለም። እማማም በራሳቸው ፈቃድ 11 ሰዓት ላይ መደወላቸውን አላቆሙም፣ «ቃጭሉ ለእኔ አይሰማኝም» ይላሉ።

መሞከር የምትፈልጉ ማኅበሮች ካላችሁ ስም መላኪያው ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል። አንድ ደቂቃ ካለፈ አይቀበሉም፣ ሞክረን አይተነዋል።